የማን ልጅ ነው የተባለው ድርጅት

እናቴ ፊርማ አትፈርምም። የቅሬ፣ የዕድራችንን ማለት ነው፣ መዋጮ ስትከፍል እንኳን ደረሰኙን ወደ እኔ ገፍታ "አንቺው ፈርሚልኝ፤ እጄን ደርሶ ይይዘኛል" ትላለች። እጇ ምንም አልሆነም። ከእኔ እጅ የእሷ እጅ ይጠነክራል።

ምክንያቷን የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ በሕይወት ሳለ ለአንድ ወዳጁ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ወዳጁ ጠፋ፣ ዋሱ ቀረ፣ በመጨረሻም ላሊበላ ገበያው አጠገብ የነበረው ቤታችን ተወሰደ። ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ አብዛኛውን የማውቀው ከሰው ሰምቼ ነው። አንዱን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዕቃችን ሁሉ ከወጣ በኋላ እናቴ ተመልሳ ገባች፤ የቤቱን በር ከማጠፊያው ነቀለችና በጀርባዋ ተሸክማ ወጣች። ሊያስቆማት የሞከረውን ሰውዬ "ቤቱን ወስዳችኋል። በሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ" አለችው። ሰውዬው መንገድ ለቀቀላት። አባቴ ራሱን ደፍቶ ከኋላዋ ተከተላት።

ያ የጽድ በር ዛሬም አለ። እናቴ ሽንኩርትና በርበሬ ቸርችራ በሠራችው ቤት ጓሮ፣ ለብቻዋ በቆመች አንዲት ክፍል ላይ ተገጥሟል። ተገጥሟል ማለትም ይከብዳል። በሩ ለክፍሏ ይሰፋል፤ አናጢው ልከርክመው ቢል "በሬ አይነካም" ብላ ከለከለችው። ስለዚህ ሲከፈት መሬት ይፍቃል፣ ሲዘጋም አይዘጋም። የድርጅቴ ዋና መሥሪያ ቤት ተብላ የተመዘገበችው ክፍል ይህቺ ናት።

እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ቆሜ እበላለሁ፣ እየተራመድኩ ስልክ አወራለሁ፣ ሰው የጀመረውን ወሬ እኔ እጨርስለታለሁ። እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ "እስቲ አንዴ ተቀመጪ!" እያለች ነው የምትውለው። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህ ጠባዬ ጠቅሞኛል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳ ጠፋ፣ ሆቴሉ ሠራተኛ ቀነሰ፤ የእኔም ሥራ ከእናቴ በረንዳ እስከ ጓሮዋ ወዲያ ወዲህ ማለት ሆነ። እንግዳው ጥቂት በጥቂት መመለስ ሲጀምር ግን አንድ ሐሳብ ያዘኝና እህል እንኳን አላስበላ አለኝ።

ሐሳቡ ባና ነበር። ባና ከበግ ፀጉር የሚሸመን ወፍራም ልብስ ነው፤ የደጋ ሰው ለብሶት ይውላል፣ ለብሶት ያድራል። የከተማችን ሆቴሎች አልጋ ላይ የሚያነጥፉት ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ በብርድ ቀን ሲነኩት የሚነዝር ብርድ ልብስ ነው። ነገሩ ያናድደኝ ነበር። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሙጃ በግ ሞልቷል፤ ኩልመስክ ደግሞ ባና አሳምረው የሚሸምኑ ሰዎች አሉ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ሙጃ ነው የሚኖረው። በግ ያረባል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሲናገር ሰው ዝም ይልለታል። ከእሱ በጎች ፀጉር አንድ ባና አሠራሁና ለአንድ የሆቴል ባለቤት ወሰድኩለት። ሰውዬው ዳሰሰው፣ ጉንጩ ላይ አደረገው፣ "እንግዲህ ለገና ክፍሎቼን ሁሉ በዚህ…" ብሎ ሳይጨርስ "እችላለሁ!" አልኩት።

"ቆዪ እንጂ" አለኝ እየሳቀ። "ከግለሰብ አልገዛም። የተመዘገበ ድርጅት ሁኚና ነይ። ሰርተፍኬቱን ሳላይ ውል አልፈርምም።"

በግል ነጋዴነት መመዝገብ እችል ነበር። ይቀል ነበር፣ ይፈጥንም ነበር። ለእኔ ዓይነቷ ችኩል ሴት የሚመቸው እሱ ነው። ግን እናቴን አውቃታለሁ። እኔ ከስሬ ሰው ደጃችን ቢቆም፣ ማንም ሳያስገድዳት ቤቷን ሸጣ ትከፍልልኛለች። ከዚያ በሯን ተሸክማ ትወጣለች። ይህ ነገር በዓይነ ሕሊናዬ እየመጣ አላስቀምጥ አለኝ። ሕግ የተማረ አንድ የሰፈር ልጅ "ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አቋቁሚ" ብሎ ሲያስረዳኝ፣ እኔ ከነገረኝ ሁሉ የያዝኩት አንዱን ነው፦ ማህበሩ ቢከስር የሚወሰደው የማህበሩ ንብረት ብቻ ነው፤ የባለቤቶቹ ቤትና ከብት አይነካም። እንግዲያው የምፈልገው እሱን ነው አልኩ። አጎቴ ሁለተኛው አባል እንዲሆን ለመንኩት፤ "አንቺ ካልሽ" አለኝና ተስማማ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሲታወሰኝ አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል። መጀመሪያ ስም ነው። የወደድነው ስም ሁሉ ቀድሞ ተይዟል፣ ወይም ከተያዘ ስም ጋር ይመሳሰላል ተባልን። በመጨረሻ ያለፈልን ማናችንም ያልወደድነው ስም ነው። ቀጥሎ መመሥረቻ ጽሑፉ፣ ቀጥሎ በዝግ ሒሳብ ባንክ የሚገባው መነሻ ካፒታል፣ ቀጥሎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። በዚህ ሁሉ ላይ አጎቴ በበዓል ቀን እስክሪብቶ አይነካም። ሚካኤል ነው፣ ኪዳነ ምሕረት ነው፣ ገብርኤል ነው፣ ማርያም ነው፣ መድኃኔዓለም ነው። አጎቴ ነፃ ሲሆን ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲመጣ አጎቴ በዓል ላይ ነው። ስልክ ደውዬ "ጋሼ፣ ዛሬ ምንድን ነው?" እላለሁ፤ እሱ ረጋ ብሎ "ዛሬማ ጊዮርጊስ አይደል እንዴ" ይለኛል፣ እንዴት ረሳሽው በሚል ድምፅ። ስልኩን ዘግቼ ጓሮውን ስዞር እናቴ ከውስጥ "እስቲ አንዴ ተቀመጪ!"

መመሥረቻ ጽሑፉን የፈረምን ዕለት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሰነድ የሚያረጋግጠው ሠራተኛ ከመፈረማችን በፊት ጮክ ብሎ ያነብልን ነበር። "አባላቱ ካዋጡት መዋጮ በላይ ለማህበሩ ዕዳ በግላቸው አይጠየቁም" የሚለው ጋ ሲደርስ አጎቴ እጁን አነሳ።

"ቆይ እስቲ ልጄ። ይህን ያለው ማነው?"

"ሕጉ ነው፣ አባቴ።"

"እኔ ግን አላልኩም።"

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እኔ ፊቴ ጋለ። አጎቴ ግን እየቀለደ አልነበረም። "ሰው ገና ሥራ ሳይጀምር 'ከዚህ ወዲያ ብትመጡ አታገኙኝም' ብሎ ይጽፋል? እንዲህ ከሚል ሰው ጋር እኔ ራሴ አልነግድም" አለ።

"ጋሼ፣ በሞቴ!" አልኩት። "ይህ ሰው ለማታለል አይደለም። የእርስዎ በጎች እንዳይነኩ፣ የእማ ቤት እንዳይነካ ነው።"

የእናቴ ስም ሲነሳ እጁን አወረደ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ ፈረመ። "ለእህቴ ስል ነው" አለ፤ "ነገሩስ አልጣመኝም።"

የቀረው የቢሮው የኪራይ ውል ነበር። ማህበሩ አድራሻ ሊኖረው ይገባል፤ አድራሻው የእናቴ የጓሮ ክፍል ናት፤ አከራይዋ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ፊርማ አትፈርምም። ውሉን ይዤ ስቀርባት ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

"ሰው ነው ወይስ ዕቃ ነው ይኼ የምትይው?" አለችኝ።

"በሕግ ሰው ነው።"

"ይበላል?"

"አይበላም፣ እማ።"

"ዕዳ ግን ይገባል።"

"የራሱን ዕዳ ነው የሚገባው። መክፈል ሲያቅተው ያለውን ይወስዱበታል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ወደ እኛ አይመጡም።"

"ወደ ቤቴ?"

"አይመጡም።"

"በሬንስ?"

"በርሽንም አይነኩም።"

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ስሟን አንድ በአንድ፣ በየፊደሉ እየቆመች ጻፈች። የወልዲያው መኪና እየሄደብኝ ነበር፣ ጋሪ እንደሚጎትት ሰው አንገቴ ተወጥሮ ነበር፤ ግን ያን ቀን አልተናገርኩም። ጨርሳ ወረቀቱን ስትሰጠኝ "ዋሽተሽኝ እንዳይሆን" ብቻ አለች። ያ ቃል የምዝገባው ቢሮ እስካለበት እስከ ወልዲያ ድረስ አብሮኝ ሄደ።

ሚኒባሱ ገነተ ማርያም መገንጠያ ላይ ሰው ሲጭን ቆመ፣ ኩልመስክ ሾፌሩ ሻይ ሲጠጣ ቆመ፣ ሙጃ ጎማ ሲነፋ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ እግሬ ሲንቀጠቀጥ አይተው "አብሽሪ ልጄ፣ ወልዲያ የትም አትሄድ" አሉኝ። ወልዲያ ስደርስ ሲስተም የለም። በማግሥቱ ሲስተም መጣ፣ መብራት ሄደ። ከምዝገባ ቢሮው ደጃፍ እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ እስከ ደጃፉ ስመላለስ ጥበቃው "እህቴ፣ ጠፋሽ ወይስ የጠፋብሽ አለ?" ብሎ አሾፈብኝ። መዝጋቢዋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ዓይኗ የደከመ ሴት ነበረች። መብራቱ ሲመለስ ሰነዶቼን አንድ በአንድ አየች፣ ማሽኑ አንዲት ወረቀት ተፋ፣ ማህተም አረፈባት። የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት።

"ይቺው ናት?" አልኳት። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም።

"ይቺው ናት" አለች። "ግን ምን እንደያዝሽ እወቂው። ድርጅትሽ ዛሬ ተወለደ ማለት ነው። ቀኑ ይኸው። ከዚህ ቀን ጀምሮ በራሱ ስም ውል ይገባል፣ ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ከዚህ ቀን በፊት በስሙ ያደረግሽው ነገር ካለ ግን አንቺ ነሽ የምትጠየቂበት።"

"ምንም አላደረግሁም።"

"ጥሩ። ለመሥራት ደግሞ ንግድ ፈቃድ አለ፤ እሱ ለብቻው ነው፣ ነገ ጨርሺው። ስትፈርሚ ሁልጊዜ ሥራ አስኪያጅ ብለሽ፣ ማህተሙን አድርገሽ ፈርሚ። በግልሽ የማንም ዋስ እንዳትሆኚ። በግል ዋስ ለሆነ ሰው ይቺ ወረቀት ምንም አታደርግለትም።"

ከልቤ ሳቅሁ። "እኛ ቤት ዋስ የሚሆን ሰው የለም" አልኳት።

ወረቀቷን በላስቲክ ውስጥ አድርጌ ደረቴ ላይ ይዤ ስወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለሆቴሉ ባለቤት ደወልኩ፤ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፤ "ጎበዝ፣ ነይና እንፈራረም" አለኝ። ንግድ ፈቃዱን በማግሥቱ ጨረስኩና ስመለስ ሙጃ ላይ ከመኪና ወረድኩ። የቀረኝ የበግ ፀጉር ብቻ ነበር። ከአጎቴ በጎች የሚገኘው ለጥቂት ባና እንኳን አይበቃም፤ የጎረቤቶቹን ሁሉ ፀጉር እንፈልጋለን፤ ዋጋውን የምንከፍለው ግን ባናው ተሽጦ ሆቴሉ ሲከፍለን ነው። እንደዚያ ነበር ያሰብነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጎች ያሏቸው ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዛፎቹ ሥር ተቀመጡ። አጎቴ ነው የጠራቸው። እኔ ቆሜ ነገርኳቸው፤ ወረቀቷንም ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ተመዝግቧል፣ ሕጋዊ ነው፣ በራሱ ስም ይዋዋላል አልኩ። በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"ተባረኪ ልጄ። ሰው ነው አልሽን?"

"በሕግ ሰው ነው፣ አባባ።"

"እሺ። የማን ልጅ ነው?"

 ሽማግሌው እያሾፉብኝ እንዳይሆን ፊታቸውን አየሁ፤ አላሾፉም። እዚያ አገር እንግዳ ሰው ዕቃ ልውሰድ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

"ልጅ አይደለም… መሥራቾቹ እኛ ነን፤ ግን እሱ ራሱን የቻለ ነው" አልኩ።

"ፀጉራችንን ወስዶ የቀረ እንደሆነ የማንን ደጅ እንጥና?"

"ድርጅቱን መክሰስ ትችላላችሁ።"

ይህን ባልል ይሻል ነበር። አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ለመነሳት ተሰናዳች። ሌሎቹም ወደ ቤታቸው ማየት ጀመሩ። ሁሉ ነገር በእጄ ላይ ሊቀር ነው ብዬ ላቤ መጣ፤ ወረቀቷን እንደገና ከፍ አደረግኋት፣ ማንም አላያትም። በዚህ መካከል አጎቴ በዱላው ተደግፎ ተነሳ።

"የእኔ ልጅ ነው" አለ። "ዋሱም እኔ ነኝ። የዘገየ እንደሆነ ወደ እኔ ኑ። የቀረ እንደሆነ በጎቼን ንዱ፤ በጎቼ ካልበቁ በሬዎቼ አሉ።"

"እንዲያ በለን እንጂ!" አሉ ሽማግሌው። ለመነሳት የተሰናዳችው ሴት ተመልሳ ተቀመጠች። ፀጉሩ በሚቀጥለው እሑድ እዚያው ቦታ ይመጣል ተባለ፤ ጸሎት ተደርጎ ተበተንን። ስንት ጊዜ የለፋሁበት ነገር ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን እንደገና እስኪጠርጉ ባለው ጊዜ ውስጥ ፈረሰ።

መንገድ ላይ አጎቴን ቀደምኩት፣ ቆሜ ጠበቅሁት፣ እንደገና ቀደምኩት። ንዴቴ ከእሱ እኩል አላራምድ አለኝ።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉ?"

"ምን አደረግሁ?"

"ይቺን ወረቀት ለማምጣት ነው ወልዲያ ድረስ የተንከራተትኩት! በጎችዎ እንዳይነኩ! እርስዎ ሰው ሰብስበው በጎቼን ንዱ ይላሉ?"

"ታዲያ ፀጉሩ እንዲመጣ አይደል የፈለግሽው?"

ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ በሕግ ልይዘው ሞከርኩ። "ደግነቱ በቃል የተባለ ዋስትና ፍርድ ቤት አይቆምም። በጽሑፍ ካልሆነ ማንም አያስገድድዎትም።"

አጎቴ ቆሞ አዘነልኝ። ትዝ የሚለኝ ፊቱ ነው፤ አልተቆጣም፣ አዘነልኝ። "ልጄ፣ እኔ የምኖረው ሙጃ ነው" አለ። "ፍርድ ቤት አልኖርም።"

ላሊበላ ስመለስ ለእናቴ ከመናገር ሞት በመረጥኩ። አንዴ ጓሮ ወጣሁ፣ አንዴ ገበያ ሄጄ ምንም ሳልገዛ መጣሁ። በመጨረሻ ቆሜ እየበላሁ ነገርኳት። እጇ ላይ የነበረውን ቁራሽ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

"ወንድሜ ዋስ ሆነ?"

"ሆነ።"

"ብቻውን?"

"ብቻውን። ቀድሞ እንኳን አላማከረኝም።"

ትሪውን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ "እሑድ እኔም እሄዳለሁ" አለችኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ዋስ መሆን ምን እንደሚያመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ወንድሟን በአደባባይ ቃሉን ታስለውጠዋለች፣ ሌላ መላ እንፈልጋለን ብዬ አሰብኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ መላ ስፈልግ ሰነበትኩ፣ አላገኘሁም። የሆቴሉ ባለቤት ይደውላል፤ "ገና እኮ እየመጣ ነው" ይለኛል፣ እኔ የማላውቅ ይመስል። የኩልመስኩ ሸማኔ ይደውላል፤ "ፀጉሩ ካልመጣ ሌላ ሥራ ልይዝ ነው" ይለኛል። ሁለቱንም "ደርሷል፣ ደርሷል" እላቸዋለሁ፤ የደረሰ ነገር የለም።

እሑድ ሙጃ ስንደርስ ፀጉሩ በጆንያ በጆንያ ሆኖ ቅጥሩ ሥር ተደርድሯል። ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ቡላ አለ፤ የበግ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ባለቤቶቹ በየጆንያቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። አጎቴ እናቴን ሲያይ ደነገጠ። እሷ ሰላም ሳትለው መሐል ገብታ ቆመች፤ ነጠላዋን አደግድጋለች። እናቴ ብዙ ሰው ፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ዋስ ምን እንደሚያደርግ ማንም አይነግረኝም" አለች። "ቤቴን ወስዶብኛል። ባሌ የፈረመ ዕለት እኔን አልጠየቀኝም፤ ከጎኑ የቆመም ሰው አልነበረም። ሁለት ሦስት ሆነን ተሸክመነው ቢሆን ቤቱ አይሄድም ነበር። እኔ ስናደድ የኖርኩት በዚያ ነው።" ወደ ወንድሟ ዞረች። "አንተስ ወንድምዓለም? አንተም እንደሱ ብቻህን?"

አጎቴ መሬት አየ።

"ይኸው እኔ አለሁ" አለች ወደ ሰዎቹ። "የእሱ ከብት ካልበቃ ላሊበላ ቤት አለኝ። ቤቴን ያዙ።"

"እማ!" ብዬ ጮህኩ። ዞራም አላየችኝ። ስለዚያ ቤት ነበር እኮ ይህ ሁሉ! ሮጬ አፏን ልይዛት ሁሉ ከጅሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ከእናቴ ላይ አንስተው እኔ ላይ አሳረፉ። ላስቲኩ በእጄ ነው። ከሦስታችን መካከል ነገ ምንም ቢመጣ የማትነካ አንድ ሰው ብትኖር እኔ ነበርኩ፤ ወረቀቷ እንደዚያ ነው የምትለው።

"አንቺስ፣ ልጄ?" አሉኝ።

ፈራሁ። ቤት የለኝም፣ ከብት የለኝም፣ ያለኝ ጉልበቴና ስሜ ነው። የወልዲያዋ መዝጋቢ በግልሽ እንዳትሆኚ ያለችኝ በጆሮዬ መጣ። "እኔም ዋስ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፣ አፈርኩበት፣ ደግሜ ጮክ ብዬ አልኩት።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያማ ዘመድ አለው" አሉና የጆንያቸውን አፍ ማሰር ጀመሩ።

ጆንያዎቹን ሚኒባስ ላይ ጭነን ላሊበላ ስንገባ ፀሐይ አልጠለቀችም። ሰርተፍኬቱ ቢሮ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ መሰቀል አለበት ስለተባልኩ ገና ከወልዲያ እንደመጣሁ በጓሮ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ቅጂውን ሰቅዬው ነበር። አሁን ጆንያ ስናስገባ በሩ አስቸገረን። ገፋሁት፣ መሬቱን ፍቆ ግማሽ ላይ ቆመ፤ ጆንያው አያልፍም። ተሳደብኩ፣ በትከሻዬ መታሁት። እናቴ "ዞር በዪ" አለችኝ። በሩን ከታች በሁለት እጇ ያዘች፣ አነሳችው፣ ከማጠፊያው አወጣችውና ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ፀጉሩን እስከ ጣሪያ ድረስ ደረደርነው። የሰርተፍኬቱ ቅጂ ከጆንያዎቹ ኋላ ተደብቆ ቀረ።

ስንጨርስ አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።  በር የሌለውን የክፍሏን አፍ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን በር፣ እናቴን አየሁ።

"እማ" አልኳት፤ "ባይሳካስ?"

በሩን አየችው። "እሱን ተሸክሜው አውቃለሁ" አለች። "ያኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ወገቤ አይችልም።"

ከዚያ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታ እኔ ላይ ጮኸች።

"ምን ተቀምጠሽ ታዪኛለሽ? ተነሺ እንጂ!"